ጉልቻ ሲለወጥ ወጡ ባይጣፍጥም እንጨቱ ይቀንሳል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንደኛው «እናንተን ነው የነካው» ብሎ ከሳቅ ምልክት ጋር። ልክ ነው፣ ነክቶኛል። አንድ የገጠር ኢነርጂ ፕሮጀክት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ «እንጀራው ስለሆነ ነው» ብላችሁ ብትጠረጥሩኝ አልቀየምም። አንብባችሁ ፍረዱ።

ጸሐፊው የጀመሩት «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ነው። ከዚያ በኢነርጂ፣ በግብርናና በአካባቢ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ የምርምርና የኤክስቴንሽን (ምርምሩን ለገበሬው የሚያደርሱ) ፕሮጀክቶችን ሁሉ አንድ ሙቀጫ ውስጥ ከተው ይወቅጧቸዋል። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ምርምሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል እንጂ ገበሬው ጋ አይደርስም። የተሻሻለ ምድጃውም፣ ከፍግ የሚነድ ጋዝ የሚያወጣው ባዮጋዙም ፎቶ ተነስቶባቸው ተረስተዋል። የችግኙ ነገርም ያው ነው። ገበሬው መሬቱን ከዶክተሩ በላይ ስለሚያውቅ እሱን ማስተማር ንቀት ነው። በመጨረሻም የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፣ መብራት እያለ ስለ ጭስ ማውራት ምን ይባላል፣ ገንዘቡ በሙሉ መስመር ይዘርጋበት።

አጻጻፋቸው ደስ ይላል። ስለ ስልጠና አበል የቀለዱትን ሳነብ እኔም ስቄያለሁ፣ ለአንድ ቀን ስልጠና ሦስት ቀን አበል የሚሞላ ሰው አይቻለሁና። እውነት ያሉበት ቦታም አለ፣ ስደርስበት አልክድም። ድምዳሜያቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ከመደርደሪያው ልጀምር።

ጸሐፊው ትናንት የበሉት እንጀራ ከቁንጮ ጤፍ የተጋገረ ሊሆን ይችላል። ቁንጮ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ዝርያ ነው። ሁለት ወላጆች አሉት። አንዱ ዱከም የሚባለው፣ ምርት የሚሰጥ። ሌላው ማኛ፣ ነጭ ስለሆነ ገበያ የሚወደው። ከዚያ በፊት ገበሬው ምርት ሲያገኝ ንጣቱን ያጣል፣ ንጣት ሲያገኝ ምርቱ ይቀንስበታል። ቁንጮ ሁለቱን አስታረቀለት።

ይህ ነገር እንዴት መጣ? የጤፍ አበባ ከዓይን የምታመልጥ ደቃቅ ነገር ናት። በራሷ ብናኝ ነው የምትራባው። ለረጅም ጊዜ አንዱን ጤፍ ከሌላው ማዳቀል አልተቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶ/ር ታረቀ በርሄ አበባዋ በማለዳ፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ግድም፣ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። በእጅ ማዳቀል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፣ በማጉያ መሣሪያ ሥር፣ አንድ በአንድ። ከዚያች ማለዳ እስከ ቁንጮ 30 ዓመት አልፏል።

እስኪ ጸሐፊውን ልጠይቅ። በአሥረኛው ዓመት ሄደው ቢጎበኙት ምን ይጽፉ ነበር? «ሰዎቹ በጠዋት እየተነሱ የሣር አበባ ሲያዩ ይውላሉ፣ ደመወዝ ይበላሉ» ነበር የሚሉት። በሃያኛውም ዓመት እንደዚያው። ጽሑፋቸው አንድን ምርምር በሦስት ዓመት ውጤቱ ይለካል። በዚህ ሚዛን ዛሬ ቁንጮ የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ስለ ስንዴም አንድ ነገር ልበል። ዲገሉ የሚባል የስንዴ ዝርያ ነበር፣ ዋግ ከሚባለው የሰብል በሽታ ቢጫውንም በኡጋንዳ መጀመሪያ የታየውን አደገኛ የግንድ ዋግም ይቋቋማል ተብሎ አርሲና ባሌ በብዛት የተዘራ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በላው። ይህን የሚሰማ ሰው «አያችሁ፣ ከሸፈ» ይላል። እኔ ደግሞ የምለው፣ ዋጉ በየጊዜው መልኩን ይቀይራል፣ ስለዚህ አምቦ የምርምር ማዕከል ናሙና እየሰበሰበ ዛሬ የመጣው የትኛው ነው ብሎ የሚለይ፣ ቁሉምሳ የምርምር ማዕከል ተተኪ ዝርያ የሚያዘጋጅ ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋል ነው። አጥር አንዴ አጥረህ የምትረሳው ነገር አይደለም።

መደርደሪያ ላይ የቀረ የለም ወይ ካላችሁኝ፣ ሞልቷል። በየዩኒቨርሲቲው አቧራ የጠጣ የማስተርስ ጥናት ቁጥር ስፍር የለውም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በፀሐይ ሙቀት እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ተሞክሯል፣ እንጀራውም ተጋግሯል። ግን እስካሁን የገበሬ ማድ ቤት ውስጥ አላየሁትም። ይህን ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ጉልቻው።

«ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ቁርጥራጮቹ ምጣዱን ዙሪያውን ከበው የሚገጣጠሙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አገር ውስጥ የተነደፈ ነው። ጸሐፊው «እንጨት በግማሽ ይቀንሳል ብለው ዋሹን» ይላሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ማስታወቂያው ግማሽ ነበር የሚለው። ገጠር ውስጥ እውነተኛ እንጀራ የምትጋግር ሴት ፊት ሲለካ ግን የተገኘው ከ22 እስከ 31 በመቶ ነው። እኛም በየስብሰባው «ግማሽ» ስንል ነበር የከረምነው፣ ጥፋት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚጋግረው ቴክኒሻን ነው፣ ቤት ውስጥ የምትጋግረው ደግሞ ልጅ ያዘለች ሴት ናት።

ግን ቁጥሩ አነሰ ማለት ምንም የለም ማለት ነው? ተመራማሪዎች ምድጃ ላይ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ገጥመው፣ ማን በርግጥ እንደተጠቀመበት እየተከታተሉ ባጠኑት መሠረት አንድ የገጠር ቤት በአማካይ በዓመት 634 ኪሎ ግድም እንጨት ቆጥቧል። 634 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመው ነው። አንዱን ሸክም 30 ኪሎ ብንለው ከ20 ሸክም ይበልጣል። ያ ማለት አንዲት ሴት ወይም አንዲት ልጅ ከ20 ጊዜ በላይ ጫካ አልሄደችም ማለት ነው። ወጡ አልጣፈጠም፣ እሺ። ወገቧ ግን አርፏል።

ከስምንት ቤት አምስቱ ምድጃውን ትተውት አገኘሁ ስላሉት መንደር አልከራከርም። እኔም አይቻለሁ። ለምን እንደተዉት ግን ጠይቀው ነበር? ጽሑፋቸው ውስጥ የለም። እኛ ስንጠይቅ ከሰማናቸው ምክንያቶች አንዱ እስካሁን ያስቀኛል። የምድጃው አፍ ጠባብ ነው፣ እንጨቱ መፈለጥ አለበት። ጉልቻ ግን ግንዱን እንዳለ ይቀበላል፣ እየነደደ ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው። እንጨት የሚፈልጠው ደግሞ ባል ነው። አንዷ «ምድጃው ደህና ነው፣ አባወራው ነው የቸገረኝ» አለችን። ሌላው ምክንያት የምጣድ ልክ ነው። የገበያው ምጣድ ከምድጃው ክብ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ ጭሱ በጎን ይወጣል። እነዚህ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፣ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ካለ።

ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው። የኔና የጸሐፊው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ባዮጋዙን ካነሱት አይቀር ረዘም አድርጌ ልናገር።

ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ወይም 58 አምቦ እርሻ ኮሌጅ ነው የተጀመረው፣ የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አገር ውስጥ የተሠራው አንድ ሺህ ያህል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጠና ከዚያ ውስጥ 40 በመቶው ያህል አይሠራም ነበር። ቀጥሎ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም መጣ። በመጀመሪያው ዙር 14 ሺህ ሊሠራ ታቅዶ የተሠራው ወደ 8 ሺህ ነው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ «ውድቀት» ብለው ዘግተውታል።

የ2006ቱ ጥናት ግን የማይሠሩት ለምን እንደማይሠሩ ዘርዝሮታል። የክትትል ማጣት፣ ትናንሽ ብልሽት፣ የውሃ እጥረት፣ የከብት ቁጥር መቀነስ፣ የባለቤት መልቀቅ። ጉድጓዱ ውስጥ ፍግና ውሃ እኩል ተበጥብጦ ሲገባ ጋዝ ይወጣል። ሳይንሱ ሠርቷል። የጎደለው ሌላ ነው።

የአክስቴን ቤት ልንገራችሁ። ጎጃም ውስጥ ነው። ከቤቷ ጀርባ ባዮጋዝ ተቆፍሮላት ሦስት ዓመት ቡና አፍልታበታለች፣ ወጥ ሠርታበታለች። እንጀራ ግን አትጋግርበትም፣ እሳቱ ለምጣድ አይሆንም። ይህ የፕሮግራሙ ትልቁ ድክመት ነበር፣ በእኛ አገር እንጨት የሚጨርሰው ምጣድ ሆኖ ሳለ ምጣድ የማይችል እሳት ይዞ መምጣት። እንዳትሉኝ፣ ራሴ ብዬዋለሁ። ለምጣድ የሚሆን ማንደጃ የተሠራው በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ጋዙ ቆመ። ችግሩ ቫልቭ ነበር፣ የአውራ ጣት የምታክል ብረት። ያኔ የሠራላት ግንበኛ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከተማ ገብቶ ፎቅ እየሠራ ነው። ወረዳ ሄደች፣ «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» አሏት። ቀበሌ ሄደች፣ የግብርና ባለሙያው (ዲኤው) አዲስ ነው፣ ስለ ባዮጋዝ አልሰለጠነም። ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ማንደጃው ላይ ዶሮ ታቅፋበታለች። በዚያ ሰዓት ጸሐፊው ቢመጡ ፎቶ አንስተው «ይኸው» ይሉ ነበር፣ ፎቶውም አይዋሽም። አክስቴ ግን ለምን እንደማይሠራ ስጠይቃት ያለችኝ ሌላ ነው። «እሳቱስ ደህና ነበር ልጄ። ሰውዬው ነው የጠፋው።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ግምገማ አንብቤ አላውቅም። ፕሮጀክት ሲነደፍ ለምርቃት ባነር በጀት አለው፣ ለአራተኛው ዓመት ቫልቭ ግን የለውም። ለዚህ የሚወቀስ ካለ በሦስት ዓመት ዝጋ የሚለው ለጋሽ ነው፣ ቁጥር ብቻ የሚቆጥረው ሪፖርት ነው፣ እኛም ነን። እኔ ራሴ «ይህን ያህል ተገንብቷል» የሚል ሠንጠረዥ ሞልቻለሁ። «ይህን ያህል ዛሬ ይነዳል» የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም። ስለዚህ መፍትሔው ፕሮጀክቱን መቅበር ሳይሆን ሰውዬውን ማቆየት ነው። የቆጣቢ ምድጃ የሲሚንቶ ሥራ ተምረው እንደ ንግድ የያዙ ሴቶች አሉ። ለገንዘባቸው ሲሉ ይመለሳሉ፣ የተሰበረውን ይቀይራሉ። ፕሮጀክቱ ቢዘጋም እነሱ አይዘጉም።

ስለ ችግኝ ብዙ አልልም፣ አብዛኛውን እስማማለሁ። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። ስንቱ ጸደቀ የሚለው ጥያቄ የሚገባ ጥያቄ ነው። ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው የአካባቢ ሥራ ሁሉ የጉድጓድ ቆፈራ ትርኢት ነው ማለታቸው አይሆንም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦን ይመልከቱ። ተራራው ተራቁቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ 2,728 ሄክታር ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተደረገ። በአብዛኛው አልተተከለም። ጉቶው መሬት ውስጥ በሕይወት ነበር፣ ሲተዉት አቆጠቆጠ፣ ገበሬዎቹ ደካማውን ቅርንጫፍ እየገረዙ ጠንካራውን አሳደጉ። ባለቤትነቱ የሕብረት ሥራ ማኅበራት ነው፣ ዛፉ ከአየር ለሳበው ካርቦን ከሚከፈለው፣ ከካርቦን ሽያጭም ገንዘብ ገብቶላቸዋል። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባለው መንደር ሰዎችም እንዲሁ፣ ተራራውን አርፎ እንዲቀመጥ አድርገው የደረቀ ጉድጓዳቸው ውሃ አወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አገኙ። ችግኝ ቆጥሮ የሚመለስና ተራራ የሚጠብቅ ሰው አንድ አይደሉም። ጸሐፊው አንድ አድርገዋቸዋል።

«ገበሬው ያውቃል፣ ተዉት» የሚለው ነጥባቸው ብዙ ላይክ ያገኘው ነው። ይህንን ለመቃወም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ግማሹን አምንበታለሁ። ጤፍን በመስመር ዝሩ ተብሎ የተነሳውን ዘመቻ አስታውሱ። ምርት በብዙ እጥፍ ይጨምራል ተባለ። በገበሬ ማሳ ሲለካ ጭማሪው ከተወራው በእጅጉ ያነሰ ሆነ፣ ድካሙ ግን ባሰ። እንደ አሸዋ የደቀቀ ዘር በመስመር ለማስገባት አንድ ቤተሰብ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ብዙ ገበሬ ሞክሮ ወደ ብተናው ተመለሰ። ገበሬው ነው ልክ የነበረው።

ነገር ግን ልብ በሉ፣ ገበሬው ልክ እንደነበር የነገረንም ምርምር ነው። ማሳ ወርዶ፣ በመስመር የተዘራውንና የተበተነውን ጎን ለጎን አጭዶ የመዘነ ሰው። እሱ ባይኖር እስከ ዛሬ የሁለት ወገን ጭቅጭቅ ነበር የሚሆነው። ደግሞም ገበሬው የማያየው ነገር አለ። ሌላ አገር ተነስቶ በነፋስ የሚመጣ ዋግ ማሳው ላይ እስኪደርስ አያውቀውም። የአፈሩን ኮምጣጣነት በምላሱ አይለካውም፣ ሰብሉ ሲቀጭጭ ነው የሚያየው። ሎሌና ጌታ ሳይባባሉ፣ አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ቢነግር ንቀቱ የቱ ላይ ነው? ቁንጮ ራሱ የተስፋፋው ዘር አባዥ ገበሬዎች ከጎረቤት ለጎረቤት እያሻገሩት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ግድቡ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ማንኛችሁም ቴሌቪዥን ላይ ተተክዬ ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ግን ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ዛሬም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ መብራት የለውም። ያለውም ቢሆን ገጠር ውስጥ አምፖል ያበራበታል፣ ስልክ ይሞላበታል፣ የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጠጣል። መንደሩ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱን አንድ ላይ ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚል ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተሰክቶ፣ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ጭልም። ከዚያ ሊጥ ተሸክሞ ከሰል ያላት ጎረቤት ፍለጋ።

መስመሩ ይዘርጋ፣ ማን ጠላ። ግን መስመሩ እስኪደርስ ያለው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሰው ዕድሜ ነው፣ የአፈርም ዕድሜ ነው። ጸሐፊው ያላነሱት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ደጋው ላይ እንጨት ሲያልቅ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ማለት ማሳ መግባት የነበረበት ፍግ ነው። ምድጃው ሲበላ መሬቱ ይራባል፣ ከዚያ ገበሬው ዋጋው ጣሪያ የነካ ማዳበሪያ ለመግዛት ይበደራል። ስለዚህ ኢነርጂ፣ ግብርናና አካባቢ ጥበቃን አንድ ላይ የሚይዙ ፕሮጀክቶችን «ሁሉንም ነክተው አንዱንም ያልጨበጡ» ማለታቸው አልገባኝም። አንዲት ሴት ጓሮ ውስጥ ሦስቱም አንድ ቅርጫት ፍግ ናቸው። ጠዋት በረት ጠርጋ ስትወጣ ወይ ጠፍጥፋ ታደርቀዋለች፣ ወይ ጉድጓዱ ውስጥ ትከተዋለች፣ ወይ ማሳ ላይ ትበትነዋለች። ባዮጋዝ ያላት ሁለቱን ታገኛለች፣ ጋዙንም፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ማሳ የሚያዳብረውን ዝቃጭም።

ያቺን ቫልቭ በመጨረሻ እኔው መርካቶ ገዝቼ ለፋሲካ ሄድኩ። ከከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ነው የሄድኩት፣ ከግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ጉድጓዱ ግን ሁለት ዓመት ሳይቀለብ ስለቆየ ፍግ እየበጠበጠች ስትሞላው ከርማ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው በስልክ «ነደደ» ያለችኝ። ባለፈው ስሄድ እሳቱን ላይ ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ስገባ ጎትታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ዝቃጩን ያፈሰሰችበት ጎመን ጉልበቴ ደርሷል። ያላፈሰሰችበት መደብ አጠገቡ ነው፣ ለማነጻጸር ሆን ብላ ነው የተወችው። «አንተ እሳት እሳት ትላለህ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ አሁን የምፈልገው ይኸን ነው።»